የከብት ብዛትና የግጦሽ መሬት፤ ከሣሩ ስንቱ ይበላ፣ ስንቱስ ይቅር?

በደጋውና በወይና ደጋው የአገራችን ክፍል በሬ ለእርሻ የሚጠመደው ከዓመቱ ውስጥ እጅግ በከሳበት ሰሞን ነው። በጋውን በጭድና በደረቀ ሣር የገፋው በሬ ዝናብ ጠብ ሲል ጎድኑ እየተቆጠረ ቀንበር ይሸከማል። በአንድ ቀን መታረስ የሚገባው መሬት ሁለት ቀን ይፈጃል፤ እርሻው በዘገየ ቁጥርም ዘሩ ከወቅቱ ያልፋል። ስለዚህ የግጦሽ መሬት ነገር የከብት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእህልም ጉዳይ ነው።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የወል ግጦሽ ላላቸው ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው። በየስብሰባው «ግጦሹ አነሰን» ሲባል እንሰማለን። መሬቱ ማነሱ አይካድም፤ የሚታረሰው መሬት ከዓመት ዓመት እየሰፋ የወሉ ግጦሽ ወደ ረግረጉ፣ ወደ ተዳፋቱና ወደ ድንጋያማው ቦታ ተገፍቷል። ነገር ግን የቀረው መሬት ራሱ ሊሰጥ የሚችለውን ያህል ሣር እየሰጠ አለመሆኑ ብዙ ጊዜ አይነሣም። እኛ እዚህ የምናነሣው ይህን ሁለተኛውን ነገር ሲሆን፣ ይኸውም በአንድ መሬት ላይ የሚሰማራው ከብት ሲበዛ ሣሩ፣ አፈሩና ከብቱ ራሱ ምን እንደሚሆን ነው።

ሣሩና ሥሩ

ገበሬው «ሣር ሥሩ ካለ ይበቅላል» ይላል። አባባሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሥሩን የሚያኖረው ደግሞ ቅጠሉ ነው። ሣር ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጀው በአረንጓዴ ቅጠሉ ሲሆን፣ ከዚሁ ምግብ ከፊሉ ወደ ሥሩና ወደ አገዳው ግርጌ ወርዶ ስንቅ ሆኖ ይቀመጣል። ከብት ሲግጠው ጥቂት ቅጠል ከቀረለት፣ ሣሩ በዚያው በቀረው ቅጠል እየሠራ ቶሎ ያገግማል። ምንም ካልቀረለት ግን ከስንቁ እያወጣ አዲስ ቅጠል ማብቀል ይኖርበታል። አዲሱ ቅጠል ገና ብቅ ሲል እንደገና ከተጋጠ ስንቁ ያልቅና ሥሩ እያጠረ ይሄዳል። ሥሩ ያጠረ ሣር ዝናብ ለአሥር ቀን ቢቋረጥ ይጠወልጋል። በዚህን ጊዜ ሁላችንም «ዝናቡ ከዳን» እንላለን እንጂ ሣሩን ነቅለን ሥሩን አናይም።

ይህን ነገር በቁጥር ካሳዩት ሥራዎች አንዱ አሜሪካዊው ተመራማሪ ክራይደር እ.ኤ.አ. በ1955 ያሳተመው ጥናት ነው። ክራይደር የተለያዩ ሣሮችን ቅጠል በልዩ ልዩ መጠን እየቆረጠ የሥራቸውን እድገት ተከታተለ። ከቅጠሉ እስከ 40 በመቶ ሲቆረጥ የሥሩ እድገት አልተቋረጠም። 50 በመቶ ሲቆረጥ ማደጉን ያቆመው ሥር ከ2 እስከ 4 በመቶ ብቻ ነበር። 60 በመቶ ሲደርስ ግን ግማሹ ሥር፣ 70 በመቶ ሲደርስ 78 በመቶው፣ 80 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ ሥሩ በሙሉ ለተወሰኑ ቀናት ማደጉን አቆመ። እነዚህን ቁጥሮች ልብ ብሎ ያየ ሰው ከግማሽ በላይ የምትወሰደው የመጨረሻዋ ጉርሻ ምን ያህል ውድ እንደሆነች ይረዳል። በየአገሩ ያሉ የግጦሽ ባለሙያዎች «ግማሹን አብላ፣ ግማሹን ተው» የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ግማሽ የሚባለው በክብደት እንጂ በቁመት አይደለም። የሣር ክብደት ወደ ግርጌው ስለሚበዛ፣ በቁመቱ እኩሌታ የተጋጠ ሣር በክብደቱ ገና ግማሹ አልተበላም። በዓይን ብቻ ለሚገምት የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ይህን ማወቅ ጠቃሚ ነው፤ ካለዚያ ሣሩ ጥቂት ሲያጥር ደንግጦ ከብት አስወጡ ሊል ይችላል፤ ገበሬውም ሁለተኛ አይሰማውም።

ከብት ግን ማጭድ አይደለም። ማጭድ ያገኘውን ሁሉ እኩል ይቆርጣል፤ ከብት ግን ይመርጣል። በቅድሚያ የሚበላው ለስላሳውን፣ ቅጠላማውንና የሚጣፍጠውን ነው። ስለዚህ መስኩ በአማካይ ግማሹ ብቻ የተበላ ቢመስልም፣ ማገጡና ጋጃው እስከ መሬት ተግጦ አክርማው ሳይነካ ቆሞ ይገኛል። ከብቱ ከልክ በላይ ሆኖ ዓመታት ሲያልፉ የሚወደደው ሣር እየሳሳ፣ ቦታውን መሬት ለመሬት የሚሳበው ሰርዶና ጠንካራው አክርማ ይወርሱታል። ሰርዶ ኮቴን የሚችል፣ አፈርንም የሚይዝ ደግ ሣር ነው፤ እርሱ እስካለ ድረስ መሬቱ ተስፋ አለው እንላለን። አክርማና ስንደዶ እየበዙ ሲሄዱ ግን ነገሩ መበላሸቱን ያመለክታሉ። እርግጥ ሁለቱም ለስፌት የሚፈለጉ ናቸው፤ ሆኖም ለሞሰብ የሚሆን ሁሉ ለበሬ አይሆንም። ከዚህም አልፎ በሣሩ መካከል ባዶ መሬት መታየት ከጀመረ፣ መስኩ በአንድ ክረምት ዕረፍት ብቻ ይድናል ብሎ ለማኅበሩ ቃል መግባት ተገቢ አይደለም።

አፈሩ

በኢትዮጵያ ደጋማ ግጦሽ ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመ ጥናት፣ ሙዌንዴራና መሐመድ ሳሊም የተባሉት ተመራማሪዎች ከብትን ከቀላል እስከ እጅግ ከባድ በሆነ ልክ እያሰማሩ ሣሩን፣ ወደ መሬት የሚሰርገውን ውኃና የሚታጠበውን አፈር ለክተዋል። መሬቶቹ ተዳፋትነታቸው ከ0 እስከ 4 በመቶና ከ4 እስከ 8 በመቶ የሆኑ ነበሩ። ግጦሹ ሲከብድ የሣሩ ክብደትና የመሬቱ ሽፋን ቀነሰ፤ የሚሰርገው ውኃ አንሶ ጎርፉና የሚታጠበው አፈር ጨመረ። ለማኅበራት ልዩ ጥቅም አለው የምንለው ግን ሌላው ውጤት ነው። የሣሩ ሽፋን እኩል በሆነበት ሁኔታ እንኳ ከተዳፋቱ መሬት የሚታጠበው አፈር ከለጥ ካለው ይበልጥ ነበር። ለጥ ያለው መሬት ሣሩ መልሶ ማደጉ ብዙ ሳይጎዳ ከበድ ያለ ግጦሽ መቻሉም ታይቷል። እንግዲህ «በሄክታር ይህን ያህል ከብት» ብሎ ለአንድ ቀበሌ ሁሉ አንድ ቁጥር መስጠት ስሕተት ነው ማለት ነው። ለሜዳው የሚበቃው ልክ ለተዳፋቱ ጥፋት ነው።

ሜዳውም ቢሆን የራሱ ችግር አለበት። ብዙው የደጋ ሜዳ ጥቁር መረሬ አፈር ነው። መረሬ በበጋ ተሰነጣጥቆ ድንጋይ ይሆናል፤ በክረምት ደግሞ ውኃ ጠግቦ ይለሰልሳል። በዚህ ጊዜ የገባ ከብት ሰኮናው ሰጥሞ ሣሩን ከነሥሩ ይደፈጥጠዋል፤ አፈሩም ታምቆ ውኃና አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ ይደፈናል። አንድ በሬ ደረቅ ሜዳ ላይ የሚያደርሰውና እርጥብ ሜዳ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አይወዳደርም።

የአገራችን የደጋ ግጦሽ ዋና መከራ ከዚህ ላይ ነው። በሰኔ ማሳው ሁሉ ይታረሳል፣ ይዘራል። በበጋ አዝመራው በተነሣበት ማሳ ላይ ተበትኖ የነበረው ከብት እንዳለ ወደ ወሉ ግጦሽ ይሰበሰባል። ከብቱ እጅግ የሚጨናነቀው ሣሩ ሊያድግ በሚነሣበት፣ ሥሩ ስንቅ በሚሰበስብበትና አፈሩ በራሰበት በዚያው ጊዜ ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። በዓመት ተካፍሎ ሲታይ የከብቱ ቁጥር መጠነኛ ሊመስል ይችላል፤ በእነዚህ ሦስት ወራት ግን ልኩ ከአማካዩ ይልቅ ብዙ እጥፍ ይሆናል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የከብት ቁጥር ሲመዘግብ «ስንት ከብት አለ?» ከማለት ይልቅ «በሐምሌ ስንት ከብት የት ይውላል?» ብሎ ቢጠይቅ እውነቱን ያገኛል።

ከብቱና ትርፉ

«ሣሩ ቢጎዳም ከብቴ ከበዛ እኔ ተጠቀምሁ» የሚል ገበሬ አለ። እንዲህ ማሰቡ አያስወቅሰውም፤ ነገሩን ግን በስሌት እንየው። ጆንስና ሳንድላንድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1974 ከብዙ የግጦሽ ሙከራዎች የተገኘውን ውጤት አንድ ላይ አድርገው ሲመረምሩ፣ በሄክታር የሚሰማራው ከብት በጨመረ ቁጥር እያንዳንዱ ከብት የሚጨምረው ክብደት በቀጥታ መስመር እየቀነሰ እንደሚሄድ አገኙ። ከዚህ የሚከተለው ነገር የሚያስገርም ነው። ለማስረዳት ያህል እኛ የመረጥናቸውን ቁጥሮች እንውሰድ፤ እነዚህ የተለኩ ሳይሆኑ ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው። በአንድ ሄክታር ላይ 1 ከብት ሲሰማራ በዓመት 120 ኪሎ ይጨምራል እንበል። 2 ሲሆኑ እያንዳንዱ 90 ኪሎ፣ በድምሩ 180 ኪሎ ይጨምራሉ። 3 ሲሆኑ እያንዳንዱ 60፣ በድምሩ አሁንም 180 ነው። 4 ሲሆኑ እያንዳንዱ 30፣ በድምሩ 120 ኪሎ ይሆናል። 5 ሲደርሱ ማንም የሚጨምር የለም።

እንግዲህ አራት ከብት ያሰማራው ሰው ከሄክታሩ ያገኘው አንድ ካሰማራው ጋር እኩል 120 ኪሎ ነው፤ ልዩነቱ ያኛው የሚጠብቀው፣ የሚያሳክመውና ለበጋ ጭድ የሚሰበስብለት አንድ ከብት ብቻ መሆኑ ነው። ከመሬቱ ከፍተኛው ትርፍ የሚገኘው ከብቱ ምንም መጨመር ከሚያቆምበት ቁጥር ግማሽ ላይ ሲሆን፣ በምሳሌያችን በሄክታር ሁለት ተኩል ነው።

ይህ ስሌት የተሠራው ለሥጋ በሚደልብ ከብት እንደሆነ መደበቅ አንፈልግም። የእኛ ገበሬ ከብት የሚያረባው ለእርሻ፣ ለወተት፣ ለኩበት፣ ደግሞም ክፉ ቀን ሲመጣ ሸጦ ለመውጣት ነው። ከብት የገበሬው ባንክ ነው። እኛ ባለሙያዎች ይህን ሳናመዛዝን «ከብት ቀንሱ» እያልን ለብዙ ዘመን ስንሰብክ ኖረናል፤ ሰሚ ማጣታችንም አያስደንቅም። በሌላ በኩል ግን ባንኩ በግንቦት ባዶ የሚሆን ከሆነ ተቀማጩ ምን ይጠቅማል? ያረጀ በሬ፣ የመከነች ላም፣ የማይጠመድ ወይፈን በታኅሣሥ ሥጋ ሳለ ለገና ገበያ ቢሸጥ ዋጋ ያወጣል፤ በግንቦት ግን ቆዳውና አጥንቱ ይቀራል፤ እስከዚያም ድረስ የሚታረስበትን በሬ ሣር ሲሻማ ከርሟል።

ግጦሹ ከልክ በታች ቢሆንስ? ይህም ጉዳት አለው። የሞቃት አገር ሣር ቶሎ ይጎለምሳል። አበባ አውጥቶ አገዳው ሲጠነክር በውስጡ ያለው ፕሮቲን በፍጥነት ይወርዳል፤ ከ7 በመቶ ገደማ በታች ሲሆንም ከብት ሆዱ ሳይሞላ መብላቱን ይቀንሳል። ረጅሙ ሣር ማገጡን አጥልቶ ያዳክመዋል። ስለዚህ ዘግቶ መተው ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

ይህን ከራሳችን ስሕተት ተምረነዋል። በአንድ ቀበሌ በሜዳ ላይ ያለ የወል ሣር ክረምቱን በሙሉ እንዲዘጋ መክረን ነበር። አባላቱ ተስማሙ፤ ሣሩም በመስከረም ከጉልበት በላይ ሆነ። እኛም ደስ አለን። በሩ የተከፈተ ዕለት ግን የማኅበሩ ከብት ብቻ ሳይሆን በጋብቻና በአበልጅነት ከጎረቤት ቀበሌ የመጣው ሁሉ ተቀላቅሎ ገባ። ሣሩ ከሚበላው የሚረገጠው በዛ፤ ወር ሳይሞላም መሬቱ ተላጨ። ከዚያም የከፋው ሌላ ነበር። ሜዳው ተዘግቶ ሳለ ከብቱ የከረመው ከበላዩ ባለው ተዳፋት ላይ ነበርና፣ በዚያ ተዳፋት በዚያው ክረምት ቦረቦር ተጀመረ። ነገሩን ልናይ በሄድን ጊዜ አንድ አዛውንት «ልጆቼ፣ እናንተ በር ዘጋችሁ እንጂ ከብቱ እኮ ያው ነው» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ከዚያ ወዲህ የምንመክረው ሜዳው ከሦስት ወይም ከአራት እንዲከፈልና ከብቱ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲዘዋወር፣ የተጋጠው ክፍል በክረምት ከአንድ ወር እስከ ስድስት ሳምንት እንዲያርፍ፣ ውኃ የሚቋጥረው ክፍል በሐምሌና በነሐሴ ታጭዶ ለከብቱ እንዲወሰድለት እንጂ ከብቱ እንዳይገባበት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሣሩ ለስንት ከብት ለስንት ቀን እንደሚበቃ ማስላት ያስፈልጋል። ስሌቱ ቀላል ነው።

ሣሩን መመዘን

በመስከረም መጨረሻ ሣሩ ሳይጋጥ ከእንጨት ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን መሥራት ነው። ይህን በመስኩ ላይ ሳይመርጡ ቢያንስ በሃያ ቦታ እየጣሉ፣ በውስጡ የገባውን ሣር ከግርጌው አጭዶ በፀሐይ በሚገባ ማድረቅና መመዘን ያስፈልጋል። ሳይመርጡ ያልነው አጥብቀን ነው፤ እጃችን ሁልጊዜ ወደ ለመለመው ያደላል። የአንዱ ቦታ አማካይ ክብደት በግራም ሲታወቅ በ40 ቢባዛ በሄክታር ያለው ሣር በኪሎ ይገኛል። ለምሳሌ አማካዩ 75 ግራም ቢሆን፣ በሄክታር 3,000 ኪሎ ደረቅ ሣር አለ ማለት ነው። ከዚህ ግማሹ ለመሬቱ ይቀራል፤ ለከብቱ የሚደርሰው 1,500 ኪሎ ነው።

250 ኪሎ የሚመዝን ከብት አንድ መለኪያ ይባላል። ከብት በቀን የክብደቱን 2.5 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ስለሚበላ፣ አንድ መለኪያ በቀን 6.25 ኪሎ ይፈልጋል። ትልቁም ትንሹም ሲደባለቅ አንድ የቀንድ ከብት በአማካይ 0.7፣ በግና ፍየል 0.1፣ አህያ 0.5፣ ፈረስ 0.8 መለኪያ ተደርገው ይታሰባሉ።

አሁን አንድ ማኅበር 12 ሄክታር ግጦሽ፣ 30 የቀንድ ከብት፣ 60 በግና 8 አህያ አለው እንበል። ከብቱ 21፣ በጉ 6፣ አህያው 4፣ በጠቅላላው 31 መለኪያ ይሆናል። አንድ ሄክታር ለአንድ መለኪያ 240 ቀን ይበቃል፤ 12 ሄክታር 2,880 ቀን ይሆናል። ይህ ለ31 ሲካፈል 93 ቀን ነው። ማኅበሩ ሣሩ ለ120 ቀን እንዲያደርሰው ከፈለገ 52 ኩንታል ተኩል ያህል ድርቆሽ ወይም ጭድ ይጎድለዋል። ይህ ጉድለት በመስከረም ከታወቀ ጭድ ለመከመር፣ ከብት ለመሸጥ ወይም በጉን ወደ ሌላ ቦታ ለመውሰድ ጊዜ አለ። በመጋቢት የታወቀ እንደሆነ ግን የሚሞላው ለመሬቱ ከተተወው ግማሽ ላይ ነው።

እርግጥ ይህ ሁሉ አንድ ገበሬ ብቻውን የሚያደርገው አይደለም። በወል ግጦሽ ላይ አንዱ ሁለት ከብት ቢቀንስ የእርሱን ሣር የጎረቤቱ ከብት ይበላዋል፤ ይህንም ገበሬው ከእኛ በላይ ያውቃል። ስለዚህ ጉዳዩ የደንብ ጉዳይ ነው። ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ባሕር ማዶ መሄድ አያስፈልግም። የመንዝ ሕዝብ የጓሳን መሬት ቄሮ በሚባል ሥርዓት ለረጅም ዘመን ሲጠብቅ ኖሯል። ሣሩ ለጥቂት ዓመታት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል፤ የሚከፈትበትን ጊዜ የሚወስኑትም የተመረጡት አለቆች ነበሩ። ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም፣ ነዋሪው በኋላ ጥበቃውን በአዲስ ደንብ መልሶ አቋቁሞታል። በቄሮ ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባን መዝጋቱን ብቻ ሳይሆን ማን እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚገባና ደንቡን የጣሰ ምን እንደሚደርስበት ቀድሞ የታወቀ መሆኑን ነው። እኛ በዚያ ቀበሌ የጎደለን ይህ ነበር።

ደንብ የሚያወጣ ማኅበር ቢያንስ ሦስት ነገር መቁረጥ ይኖርበታል። ለእያንዳንዱ አባል በክረምት የሚፈቀደውን መለኪያ፣ ከውጭ የመጣ ከብት የሚስተናገድበትን ሁኔታና እረኛውን ማን እንደሚቀጥርና እንደሚከፍል። ከብት የሌላቸው አባላት፣ በተለይም ባል የሞተባቸው ሴቶች፣ የድርሻቸውን ሣር አጭደው የመሸጥ መብት በደንቡ ካልተጻፈላቸው የግጦሹ ጥቅም ለባለ ብዙ ከብቱ ብቻ ይሆናል፤ ደንቡንም የሚደግፈው ሰው ያንሳል።

ክርክር በተነሣ ጊዜ የሚረዳ አንድ ነገር እንጨምር። ዝናብ ከመግባቱ በፊት በመስኩ ሁለት ሦስት ቦታ፣ አንዱ በተዳፋቱ ሌላው በሜዳው ላይ፣ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ጠንካራ የእሾህ አጥር ይታጠር። በመስከረም ስብሰባው ከቢሮ ወጥቶ በዚያ አጥር ዙሪያ ይደረግ። በአጥሩ ውስጥና ውጭ ያለው ሣር በዚያው ይታጨድ፣ ይመዘን፤ ከውስጥም ከውጭም አንድ አንድ እፍኝ ሣር በዶማ ተነቅሎ ሥሩ ይታይ። የሚመዝኑትም አባላቱ ራሳቸው ይሁኑ።